ደረቅ ወርቅ

እማዬ የሞተ አበባ ላይ ውሃ ረጨች። ነገሩ የጀመረው እዚያ ላይ ነው።

ዕለቱ ያለፈው ዓመት እንቁጣጣሽ ነው። እማዬ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን ሜልበርን ከመጣች ገና ሦስተኛ ሳምንቷ። ቡናው ተቆልቷል። ቄጠማ ተጎዝጉዟል። (ቄጠማ ያልኩት ከጓሮ የታጨደ ሣር ነው፤ እሷም አውቃ ዝም ብላለች።) ከረከቦቱ አጠገብ አንድ ብርጭቆ ሙሉ ቢጫ አበባ አስቀምጫለሁ። አደይ አይደለም፤ አደይ እዚህ ከየት ይመጣል? ግን በር ላይ ቆሞ ላየው ሰው ያው የመስከረም ቢጫ ነው።

እማዬ ጎንበስ ብላ አንዷን አበባ በሁለት ጣቷ ነካ አደረገቻት። ኮሽ አለች። እጇን ቶሎ ሰበሰበች።

«ምነው ልጄ፣ ደርቃለች እኮ።»

«እንደዚያው ናት እማዬ። ተክሏ ላይ እያለችም እንደ ወረቀት ናት።»

«መቼ ነው የቆረጥሻት?»

«የካቲት ላይ።»

በጣቷ ቆጠረች። ሰባት ወር። እሷ ቤት በዓውደ ዓመት የሰባት ወር አበባ አይቀርብም፤ ፊቷ ላይ አነበብኩት። ግን እንግዳ ናትና ምንም አላለችም። ወደ ኩሽና ገባች። በመዳፏ ውሃ ይዛ ተመለሰችና፣ ገበያ ውሎ የዛለ ጎመን ላይ እንደሚደረገው፣ ረጨት ረጨት አደረገችባቸው።

«እስኪ ነፍስ ይዘሩ እንደሆነ።»

ሳቅ ብዬ ወደ ጀበናዬ ዞርኩ። ፈንዲሻውን ለልጄ አቀበልኩ፣ አቦሉን ቀዳሁ። ቀና ስል አበቦቹ ተዘግተዋል። ሁሉም። ከትንሽ ደቂቃ በፊት በርገድ ብለው የነበሩት፣ አሁን ጫፋቸውን ወደ ላይ አሹለው እንደ ሕፃን ጡጫ ተጨብጠዋል።

እማዬ አማተበች።

«በስመ አብ! ይሄ ነገር ይሰማል!»

አጥሩ ላይ

አበባዋ ወደ ቤታችን የገባችው በክፉ ቀን ነው።

እ.ኤ.አ. በማርች 2020 አውስትራሊያ ድንበሯን ዘጋች። መግባት ብቻ አይደለም፣ ዜጋ ለሆነውም መውጣት በፈቃድ ሆነ። አባቴ ያረፈው በዚያ መሃል ነው። ቀብሩን ያየሁት በስልክ ነው። ስልኩን የያዘው የአክስቴ ልጅ እጁ ይንቀጠቀጥ ስለነበር፣ ከሥርዓቱ ይልቅ ትዝ የሚለኝ የሰው ጫማና ጭቃ ነው። እኛ ቤት ለቅሶ የሚደርስ ሰው አልነበረም። ከተማው ራሱ ተዘግቷል፤ ከቤት ከአምስት ኪሎ ሜትር በላይ መራቅ አይፈቀድም። ፍራሽ አንጥፌ ለማን ልቀመጥ? ለዙም?

በሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ ከጎረቤታችን የሚያዋስነን የእንጨት አጥር ላይ አንዲት ትንሽ የፕላስቲክ ማሰሮ ተቀምጣ አገኘሁ። ውስጧ ከእርሳስ የማትበልጥ አንድ ቅርንጫፍ ቆማለች። ጎረቤታችን ሰማንያን ያለፉ አሮጊት ናቸው። ከአጥሩ ወዲያ፣ ማስካቸውን አድርገው፣ ርቀታቸውን ጠብቀው ቆመዋል። እስከዚያ ቀን ድረስ ከ«እንዴት አደርሽ» አልፈን አናውቅም።

«ሥር ይዛለች» አሉኝ። «ፀሐይ ስጫት፣ ውሃ አታብዢባት። ኤቨርላስቲንግ ነው የሚሏት።»

ኤቨርላስቲንግ። ዘላለማዊት። ሴትዮዋ ስለ አባቴ ማን እንደነገራቸው እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ምናልባት በአጥሩ በኩል ሲያለቅሱ ይሰማል። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ሲባል እሰማ ነበር፤ ያን ቀን ግን ዘመዶቼ ሁሉ ሩቅ ስለነበሩ ማወዳደሪያም አልነበረኝ።

ማሰሮዋ ላይ የአይስክሬም እንጨት ተሰክቷል። በእርሳስ «ዳርጋን ሂል ሞናርክ» ተብሎ ተጽፎበታል። ሞናርክ ንጉሥ ነው ወይስ ንግሥት ብዬ ጠየቅኋቸው፤ ሌላ የምለው ቢጠፋኝ። «ለሁለቱም ይሆናል» አሉ። እኔ ንግሥት አልኳት።

በሩ አጠገብ ተከልኳት። በዓመቷ ከወገቤ ዝቅ ብላ፣ ወደ ጎን ግን ከአንድ ሜትር በላይ ተንሰራፍታ፣ መተላለፊያውን ዘጋችው። ቅጠሏ ረዘም ያለ፣ አመድማ አረንጓዴ፣ ሲነኩት ለስለስ የሚል። አበባዋ የቡና ሲኒ አፍ ታህላለች። ቢጫዋ ቅቤ የተቀባ ይመስል ያብረቀርቃል። ማታ ማታና ሲዘንብ ትዘጋለች፣ ፀሐይ ሲወጣ ትከፈታለች። ሕይወት ስላላት ነው ብዬ አስብ ነበር።

አደራረቁንም ያሳዩኝ ሴትዮዋ ናቸው። አበባዋ ሙሉ ለሙሉ ሳትፈካ መቆረጥ አለባት፤ ተቆርጣም መከፈቷን አትተውም። ከዚያ አስሮ፣ ዘቅዝቆ፣ ጨለማና አየር ያለበት ቦታ መስቀል ነው። እኔ የልብስ ቁም ሳጥኑን መረጥኩ። በዚያው በጋ ሦስት ብርጭቆ ሞላሁ። በቀጣዩ በጋ መደርደሪያውን ሞላሁት። ባለቤቴ «ሙዚየም ከፈትሽ» ይለኝ ነበር። አንዷንም መጣል አልቻልኩም። ስሟ ዘላለማዊት ነዋ።

አንድ ነገር ደግሞ ነግረውኝ ነበር፤ በአንዱ ጆሮዬ ገብቶ በሌላው የወጣ። «ደረቋ ናት የምትቆየው። ተክሏ አትቆይም። በየሁለት በየሦስት ዓመቱ ከሷ ቆርጠሽ ሌላ ትከዪ።»

የዳርጋን ሂል ንግሥት

ስለዚች አበባ ትንሽ ላውራ፤ እኔን ሌሊት ቁጭ አድርጋ ታስነብበኝ ነበርና።

ተክሏ የአውስትራሊያ ናት። ፈረንሳያዊው የዕፅዋት ሊቅ ቬንቴና እ.ኤ.አ. በ1803 በመጽሐፍ መዝግቧታል፤ ያያት ግን እዚህ አይደለም፣ ፓሪስ አጠገብ ማልሜዞን በሚባለው የእቴጌ ጆሴፊን የአትክልት ቦታ ነው። እንግዲህ እሷም ዳያስፖራ ነበረች ማለት ነው። በኋላ ጀርመኖች፣ በ1850ዎቹ፣ ኤርፉርት አካባቢ እያዳቀሉ ሮዝ፣ ነጭና ነሐስ መሰል አደረጓት። ዛሬ በፓኬት ዘራቸው የሚሸጡት ባለ ብዙ ቀለሞቹ የእነዚያ ወገን ናቸው።

የእኔዋ ግን ከዚያ አይደለችም። ዳርጋን ሂል ሞናርክ በ1961 ከኲንስላንድ ደቡብ፣ ካኒንግሃምስ ጋፕ ከሚባል የተራራ በር የመጣች ናት። ከብሪስቤን ወደ ዳርሊንግ ዳውንስ ሜዳ የሚያሻግር መተላለፊያ ነው። አለን ካኒንግሃም የሚባል እንግሊዛዊ በ1828 «አገኘው» ይላሉ። ለጥንቱ የአገሩ ባለቤቶች ግን ተራራው ጠፍቶባቸው አያውቅም።

እኔን የያዘኝ ነገር ይሄ ነው። ይቺን አበባ ማንም አልፈጠራትም። ማንም አላዳቀላትም። ሰው ዳገቱ ላይ አይቶ «ይቺ» አለ፤ አለቀ። ሌሎቹ እህቶቿ እዚያው ዳገቱ ላይ ቀሩ። እሷ ስም ተሰጣት፣ ማሰሮ ተሰጣት፣ ወደ ከተማ ወረደች። ከዚያ ወዲህ የምትባዛው በቅርንጫፍ ነው። በዘሯ ከሆነ ልጆቿ እሷን ላይመስሉ ይችላሉ። ካንቤራ በሚገኘው ብሔራዊ የዕፅዋት ማዕከል ከሌላ ወገን ጋር ተዳቅላ የወጣች ልጅ አለቻት፤ ልዕልት ዳያና በ1985 አውስትራሊያን ስትጎበኝ «ፕሪንሰስ ኦፍ ዌልስ» ብለው ሰየሙላት። ንጉሣዊ ቤተሰብ ሆኑ እንግዲህ።

ስለዚህ በር ላይ ያለችው ተክሌ ከሴትዮዋ ተክል የተቆረጠች፣ ያቺም ከሌላ ሰው ጓሮ የተቆረጠች፣ እንዲህ እንዲህ እየተባለ እስከዚያ ዳገት። ልጅ ናት እንዳልል ዘሯ ያው ነው። ራሷ ናት እንዳልል ሥሯ ሌላ ነው። ከስልሳ ዓመት በላይ የኖረችው አንዲት ተክል ሳትሆን፣ ከእጅ ወደ እጅ የሄደች አንዲት ቅርንጫፍ ናት። እና ይሄን ሁሉ አንብቤ፣ ገብቶኝ፣ «እንዴት ደስ ይላል» ብዬ፣ መቀስ አንስቼ አንዲት ቅርንጫፍ አልቆረጥኩም። የማደርቀውን እቆርጥ ነበር እንጂ።

ሴትዮዋን ልጆቻቸው ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ አረጋውያን መኖሪያ ወሰዷቸው። ቤቱ ተሸጠ። አንድ ሰኞ ጠዋት ኤክስካቫተር መጣና እስከ ማታ ቤትም ጓሮም አልነበረም። ዛሬ እዚያ ቦታ ላይ መንታ ፎቅ ቤቶች ቆመዋል። ደጃቸው ላይ ነጭ ጠጠር ፈሶበታል።

እርጥብ ሬሳ

ወደ ቡናው ልመለስ።

እማዬ ካማተበች በኋላ ጨዋታው የልጄ ሆነ። ዘጠኝ ዓመቱ ነው። አንዷን የተዘጋች አበባ አንስቶ ወደ መታጠቢያ ቤት ሮጠ፣ የፀጉር ማድረቂያዬን ይዞ መጣ። «ዌት፣ አያቴ፣ ዌት!» ትንሽ አነፈሰባት። ቀስ እያለች፣ አንድ በአንድ፣ ከዳር ጀምራ ተከፈተች። እማዬ እንደ ልጅ አጨበጨበች። ከዚያ እሷ ውሃ ትረጫለች፣ እሱ ያነፍሳል። ትዘጋለች፣ ትከፈታለች። አቦሉ ቀዘቀዘ። ሁለተኛው ተረሳ።

በኋላ እንዳነበብኩት፣ ያ የሚያብረቀርቀው ቢጫ አበባው አይደለም። እውነተኞቹ አበቦች መሃል ላይ ተጠጋግተው ያሉት ጥቃቅኖች ናቸው። ዙሪያውን የከበበው እነሱን ለመጠበቅ የበቀለ የቅጠል ዓይነት ነው። ገና ተክሏ ላይ እያለች፣ በፈካችበት ሰዓት፣ ያ ቢጫ ክፍል ሕዋሳቱ ሞተዋል። ከሥሩ ግን ማጠፊያ አለው። እርጥበት ሲነካው የውጭ ጎኑ ያብጥና ቅጠሉን ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ሲደርቅ ይኮማተርና መልሶ ወደ ውጭ ይስበዋል። ለዚህ ሥራ ሕይወት አያስፈልገውም። በሕይወት አለች ብዬ በየጠዋቱ ስትከፈት የማያት አበባ፣ የምትከፈተው በሞተ ነገሯ ነበር።

ያን ሰዓት ግን ይሄን ማን ያውቃል። እማዬ እየሳቀች፣ እጇ ላይ የቀረውን ውሃ ነጠላዋ ላይ እየጠረገች፣

«እርጥብ ሬሳ ደረቁን አስነሳ አሉ!» አለች።

ተረቱን የምትለው ለቀልድ ነው። ውሃው እርጥቡ፣ አበባው ደረቁ። ግጥም ይላል። ግን ቃሉ ከአፏ እንደወጣ ሁለታችንም ሰማነው። ሬሳ። በዓውደ ዓመት። እጇን አፏ ላይ አደረገች። ልጄ አልገባውም፤ ማንፈሱን ቀጠለ። ማድረቂያው ብቻ ይጮሃል።

ከአባቴ ሞት ወዲህ እኔና እማዬ ስለ እሱ አውርተን አናውቅም። ስልክ ላይ «እንዴት ነሽ»፣ «እግዚአብሔር ይመስገን» ነው። እሷ እኔን እንዳታሳዝነኝ፣ እኔ እሷን እንዳላሳዝናት። ሦስት ሳምንት አንድ ቤት ውስጥ ስንኖርም ስሙ አልተነሳም። ፎቶው ሳሎን ተሰቅሏል፤ ሁለታችንም ከሥሩ እንመላለሳለን።

«ሁለት ሰዓት ያስር ነበር» አለች ድንገት።

«ማን?»

«አባትሽ ነዋ። በግራ እጁ የእኛን፣ በቀኝ እጁ ያንቺን።»

አላውቅም ነበር። በቪዲዮ ስናወራ ሁልጊዜ የሚታየኝ ግንባሩ ነው፤ ስልክ አያያዝ አይችልበትም ነበርና። እማዬ ቀጠለች። ከጎረቤት ልጅ ጠይቆ በእኔና በእነሱ መካከል ሰባት ሰዓት ልዩነት እንዳለ ተረዳ። መርካቶ ሄዶ ርካሽ የእጅ ሰዓት ገዛ። ሰባት ሰዓት አስቀድሞ ሞላው። ከሰው ጋር ተቀምጦ እያለ ቀኝ እጁን አየት ያደርግና «አሁን ከሥራ ወጣች» ይላል። «አሁን ራት ላይ ናት።» ሊደውል ሲል ደግሞ ሰዓቱን አይቶ፣ ይሄኔ ልጁን አስተኝታለች፣ አሁን ይመቻታል ይላል።

ያኔ አንድ ነገር ደረቴን መታኝ። እዚህ አገር በጥቅምት መጀመሪያ ሰዓት ወደፊት አንድ ይገፋል፤ በሚያዝያ ይመለሳል። ልዩነቱ ሰባት የነበረው ስምንት ይሆናል። ይሄን ለአባቴ የነገረው ሰው የለም። እኔም አልነገርኩትም፤ ምን ብዬ? እናም በየዓመቱ ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ አባቴ የሚደውለው ልክ ልተኛ ስል ነበር። አንድ ሰዓት ዘግይቶ። ሁልጊዜ። እበሳጭ ነበር። «ይሄ ሰውዬ ምን ነክቶታል፣ ጊዜ አያይም እንዴ» ብዬ ለባለቤቴ የተናገርኩበትን ምሽት አስታውሳለሁ። ያላነሳሁባቸው ምሽቶችም አሉ።

ጊዜ አያይም እንዴ። በሁለት እጁ እያየ።

ለእማዬ አልነገርኳትም። አለቀስኩ እንጂ። እሷም አለቀሰች። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ ያን ቀን በቡና ሰዓት፣ በፈንዲሻ መሃል፣ ያልተቀመጥነውን ለቅሶ ተቀመጥን። ልጄ ማድረቂያውን አጥፍቶ መሃላችን ገባ።

«ሰዓቱስ?» አልኳት ቆይቼ።

«ቆመ። ባትሪው አልቆ። ልጥለው አልኩና እጄ እምቢ አለኝ።»

እናቲቱስ?

በማግስቱ ጠዋት፣ ገና ፊቴን ሳልታጠብ፣ እማዬ በር ላይ ቆማ ትጠራኛለች።

«እናቲቱስ የታለች?»

«የማን እናት?»

«የእነዚህ!» ብርጭቆውን ይዛለች።

አሳየኋት። ለማሳየት ጎንበስ ስል ነው እኔም ያየኋት፤ በቅጡ ካየኋት ቆይቻለሁ። መሃሏ እንጨት ሆኗል። ቅጠሏ ረግፎ፣ አገዳዋ ገጥጦ፣ በአንድ ጎን ብቻ እፍኝ የማይሞላ አረንጓዴ ቀርቷል። ቁም ሳጥኑ ውስጥ ስድስት ብርጭቆ አበባ አለ።

እማዬ ደባርቅ አካባቢ ያደገች የደጋ ልጅ ናት። ተክል ስታይ እንደ ሐኪም ናት። ቅጠሏን አሸት አድርጋ አሸተተች። «እኛ ጋ፣ ላይኛው ደጋ ላይ፣ እንዲህ የምትንኮሻኮሽ አበባ ነበረች። ቅጠሏም እንዲህ አመድ የለበሰ። ስሟ ጠፋኝ።» እኔ ደግሞ፣ አውቄ አላስተርፍ ብዬ፣ አይ እማዬ ይቺ የአውስትራሊያ ናት አልኳት። ማታ ሳነብ እሷ ልክ ነበረች። በሰሜን ተራሮችና በባሌ ሳነቴ አምባ ላይ የሚበቅሉት እንደ ወረቀት የደረቁ አበቦች ሄሊክራይሰም የሚባል ወገን ናቸው፤ «የፀሐይ ወርቅ» እንደማለት። የእኔዋም ለብዙ ዘመን በዚያው ስም ስትጠራ ኖራ፣ ገና በ1990ዎቹ አካባቢ ነው ሊቃውንቱ ለይተው ዜሮክራይሰም ያሏት። «ደረቅ ወርቅ»። ዘመድነቱ አሁንም አለ። ለነገሩ አደይም፣ ኑግም፣ ሱፍም የዚሁ ሰፊ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። እማዬ ይሄን ስነግራት «ታዲያ ምን አልኩሽ» ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ሥራዋ ምን ነበር? ከዚያች እፍኝ አረንጓዴ ሦስት ቅርንጫፍ በጥፍሯ ቀንጥባ፣ የታችኛውን ቅጠል መልጣ፣ በእርጎ ኮዳ ውስጥ አሸዋና አፈር ቀላቅላ ሰክታለች። ኮዳውን ከሥሩ በሹካ በስታዋለች። ማንም አላስተማራትም። በየቀኑ ጠዋት ትጎበኛቸዋለች። አንዷ በሳምንቱ ጠቆረች። ሌላዋ በሦስተኛው ሳምንት በሰበሰች። ሦስተኛዋን አንድ ቀን በጣቷ ሳብ አድርጋ አየቻት። አልወጣችም።

«ጸደቀች» አለች።

ይሄን ቃል ስንት ዓመት አልሰማሁትም። እንግሊዝኛ ስናወራ ተክል ሥር ያዘ ይባላል እንጂ ጸደቀ አይባልም። በአማርኛ ግን ጻድቁም፣ ችግኙም፣ ሁለቱም ይጸድቃሉ። ልጄ «ጸደቀች ማለት ምን ማለት ነው?» አለኝ። ልገልጽለት ሞከርኩና ተውኩት።

እናቲቱ ጥር ላይ ሞተች። አርባ ዲግሪ የገባበት ሳምንት ነበር። ነቅዬ ስጥላት ያን ያህል አላዘንኩም፤ ራሴም ገረመኝ።

ሐምሌ

እማዬ ኅዳር ላይ ተመለሰች። ስትሄድ ሻንጣዋን ስናስር፣ ለዘመድ አዝማድ ከገዛችው ጫማና ቸኮሌት መሃል፣ አንዲት የደረቀች አበባ በሲኒ ውስጥ አድርጋ በካልሲ ጠቅልላ አገኘኋት። «ስድስት ብርጭቆ አለሽ፣ አንድ ብወስድ ምን ትሆኛለሽ» አለችኝ። እውነቷን ነው።

አበባዋን አባቴ ፎቶ ሥር፣ ከቆመው ሰዓት አጠገብ አስቀመጠቻት። ከዚያ ወዲህ ስንደዋወል ወሬያችን በሷ ይጀምራል። በጋውን ሙሉ ተከፍታ ከረመች። ሰኔ ሲገባ ጠዋት ጠዋት ጨምደድ ማለት ጀመረች። ሐምሌ ላይ ጭልጥ ብላ ተዘጋች። «የአየር ትንበያ ገዛሁ» ትላለች እማዬ። ጎረቤቶቿ እየመጡ ያዩዋታል። አንዷ ጠበል ረጭታበት ነው ብላ አውርታለች አሉ።

እኔም እዚህ ሐምሌን በብርድ አሳለፍኩ። የጸደቀችው ቅርንጫፍ ክንድ አክላለች። ከሷ ደግሞ ሁለት ቀንጥቤ በእርጎ ኮዳ ተክያለሁ፤ አንዷን ለአዲሶቹ ጎረቤቶች ነው፣ ጠጠራቸውን ከወደዱት ግን አላስገድዳቸውም። ቁም ሳጥኑ ውስጥ ያሉትን ብርጭቆዎች አልነካኋቸውም። ልጄ አልፎ አልፎ አንዷን ይሰርቅና በፀጉር ማድረቂያ ሲያጫውታት እሰማለሁ።

ትናንት እማዬ ደወለች። ነሐሴ ሊያልቅ ቀናት ቀርተውታል። ከኋላዋ የዝናብ ድምፅ ይሰማል፣ ቆርቆሮው ይንጫጫል።

«አበባሽ ዛሬ ተከፈተች» አለችኝ።

«እንዴ፣ ክረምቱ ወጣ እንዴ?»

«ኧረ የለም፣ ያዘንበዋል። እኔ ነኝ ከሰሉ አጠገብ ያስጠጋኋት።» ትንሽ ዝም አለች። «በዓሉ ደርሶ እሱ ፊት ተዘግታ ብታድርብኝ ምን ይለኛል ብዬ ነው።»